በሕግ ፊት ያልነበረች እናት

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1836 የጸደይ ወራት ለንደን ውስጥ ነው። ደራሲዋ ካሮላይን ኖርተን ከባሏ ጋር ተጣልታ እህቷ ዘንድ ደርሳ ስትመለስ ሦስት ወንዶች ልጆቿ ቤት የሉም። አባታቸው ወስዷቸዋል። ትልቁ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም፤ ትንሹ ሦስትም አልደፈነም።

ወደ ዳኛ ልሂድ ብትል ሕጉ አያውቃትም። በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ከባሏ የተለየ የሕግ ሰውነት አልነበራትም። ውል መዋዋልም ሆነ በራሷ ስም መክሰስ አትችልም፤ ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ የባሏ ነው። ልጆቹም የአባታቸው ናቸው።

ካሮላይን በ1808 የተወለደች፣ የታዋቂው ጸሐፌ ተውኔት የሸሪዳን የልጅ ልጅ ናት። በ19 ዓመቷ ያገባችው ጆርጅ ኖርተን የሕግ ባለሙያና የምክር ቤት አባል ነበር። (የሙያ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ።) ይደበድባት ነበር። ገቢው ስለማይበቃም ቤቱን የምትደጉመው እሷ በብዕሯ ነበረች።

ልጆቹን ከወሰደ በኋላ ባልየው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሎርድ ሜልበርንን ከሚስቴ ጋር ወስልቷል ብሎ ከሰሰ፤ 10,000 ፓውንድ ካሳም ጠየቀ። ጁሪዎቹ ለምክክር እንኳ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ክሱን ውድቅ አደረጉት። የሚገርመው ግን ስሟ የተነሳባት ካሮላይን የክርክሩ ተካፋይ አልነበረችም። ሜልበርን በሥልጣኑ ቀጠለ፤ እሷ ግን ልጆቿን አላገኘችም።

ያላት ብዕር ብቻ ስለነበር በዚያው ገፋች። ስለ እናቶች መብት ጽሑፎች አዘጋጅታ ለሕግ አውጪዎች አሰራጨች፤ አንዱን ያወጣችው በወንድ ብዕር ስም ነው። ረቂቁን የምክር ቤት አባሉ ቶማስ ታልፎርድ ይዞት ገባ። የጌቶች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ጣለው፤ በ1839 ግን ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ በዝሙት ጥፋተኛ ያልተባለች እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን ለማሳደግ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ደግሞ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ማመልከት ቻለች።

ለእሷ ግን አልጠቀማትም። ሕጉ ስኮትላንድ ውስጥ አይሠራም፤ ልጆቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ነበር። በ1842 ትንሹ ልጅ ዊልያም ከፈረስ ወድቆ ቆሰለ። ቁስሉ በቸልታ ታለፈና ተመረዘ። እናቱ የደረሰችው ከሞተ በኋላ ነው። ባልየው የቀሩትን ሁለቱን ከእሷ ጋር እንዲሰነብቱ መፍቀድ የጀመረው ከዚህ ቀብር ወዲህ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። በ1853 ባልየው በጽሑፍ የገባላትን ቀለብ ከለከለ፤ አበዳሪዋ ሲከሰውም ባልና ሚስት ሊዋዋሉ ስለማይችሉ ሰነዱ ዋጋ የለውም ተባለ። በሕግ ረገድ ክርክሩ ትክክል ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ካሮላይን እንደገና ብዕሯን አነሳች፤ በ1855 በቀጥታ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈ ደብዳቤ አሳተመች። በ1857 የወጣው የጋብቻ ሕግ ከባሏ በፍርድ የተለየች ሚስት ንብረት እንድትይዝ፣ እንድትዋዋልና በስሟ እንድትከስ ፈቀደ።

የሴቶች እኩልነት አቀንቃኝ አልነበረችም፤ እንዲያውም ወንድ የበላይ ነው ብላ ጽፋለች። የጠየቀችው ጥበቃ ነበር።

ጆርጅ ኖርተን በ1875 ሞተ። ካሮላይን በ1877 የቆየ ወዳጇን ሰር ዊልያም ስተርሊንግ ማክስዌልን አገባች። ከሠርጓ በኋላ የኖረችው ጥቂት ወራት ብቻ ነው።