በአውሬ አንደበት የተናገሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

የዘመናዊው ቴአትራችን ታሪክ በተነሣ ቁጥር በመጀመሪያ የሚጠራው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስም ነው። ይሁን እንጂ ስማቸው የሚጠራውን ያህል ሥራቸው አይመረመርም። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በአማርኛ ተጽፎ ለመድረክ የበቃ የመጀመሪያው ቴአትር መሆኑ ይነገርና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ያ የአውሬዎች ጨዋታ ግን በደራሲው ረጅም ሕይወት ውስጥ ለዋዛ የተጻፈ ሥራ አልነበረም። ኋላ በሕግ ረቂቅና በዓለም መንግሥታት ሸንጎ የደከሙለት ሐሳብ መነሻው እዚያ ይገኛል።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። የዐድዋ ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ገና 12 ዓመት ሳይሞላቸው ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር አብረው ተጓዙ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው ድል በኋላም ሊዮንቲየፍ ከሚባለው ሩሲያዊ ጋር ወደ ሩሲያ ተላኩ። በዚያም ኮሎኔል ሞልቻኖፍ የሚባል መኰንን እንደ ልጁ አድርጎ ተቀበላቸው። በፒተርስበርግ የሚካኤሎቭ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ገብተው የጦር ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱም በኋላ እንደገና ወደ አውሮጳ ተሻግረው የእርሻ ትምህርት ተከታተሉ። በዚህ ሁሉ መካከል የተረዱት አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር፣ ቴአትር ለአውሮጳውያን የጨዋታ ስፍራ ብቻ ሳይሆን ሕዝብ ራሱን የሚያይበት መስታወት መሆኑን ነው።

ስለዚህም አዲስ አበባ ላይ በቴአትር ስም ይቀርብ የነበረውን ዘፈንና ቀልድ ባዩ ጊዜ አልረኩም። እውነተኛው ቴአትር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ብለው በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ»ን ጻፉ። መነሻቸው የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶች ነበሩ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚሠሩት ሥራ ግን የሰው ነው። ብልጡ ሞኙን ያታልላል፤ ኃይለኛው ደካማውን ይበላል፤ ፍርድም ለጠየቀው ሳይሆን ለበረታው ያደላል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ሳቁን ሳይጨርስ ግን የተሳቀበት ማን እንደ ሆነ ይገባዋል።

እንዲህ ያለው አነጋገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አልነበረም። አያ ጅቦና እንኮዬ ጦጢት በየምድጃው ዙሪያ ሲተረትላቸው የኖሩ ናቸው። ሰሙን አሳይቶ ወርቁን መሸሸግም የቅኔ ቤቱ የቆየ ልማድ ነው። ልዩነቱ በስፍራው ላይ ነው። በምድጃ ዳር የተነገረ ተረት በእንቅልፍ ያበቃል፤ ማንንም በስሙ አይከስም። ያው ተረት ግን በመኳንንትና በሹማምንት ፊት፣ በብርሃንና በመድረክ ላይ ሲቀርብ ክስ ይሆናል። የተክለ ሐዋርያት ድፍረት አዲስ ታሪክ መፍጠራቸው ሳይሆን የታወቀውን ተረት ከምድጃው አንሥተው ወደ አደባባይ ማውጣታቸው ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ ሰው በሌላ መሣሪያ ተመሳሳይ መንገድ ይዞ ነበር። ላዲስላስ ስታሬቪች በሞስኮ የተወለደው ከተክለ ሐዋርያት ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። የሞቱ ጥንዚዛዎችን እግር በሽቦ እየጠገነና አንድ በአንድ እያነሣ እንደ ሰው የሚሄዱ፣ የሚቀኑና የሚበቀሉ ያስመስላቸው ነበር። «የካሜራ ባለሙያው በቀል» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣ ነው። ከሩሲያ አብዮት በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሰዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ከላ ፎንቴን ተረት ንጉሥ ይሾምልን ብለው ስለ ለመኑት እንቁራሪቶች የሚናገረውን ፊልም ሠራ። የተሰጣቸው ግንድ ዝም ቢልባቸው ሌላ ንጉሥ ጠየቁ፤ የመጣላቸውም የሚውጣቸው ወፍ ሆነ። ሁለቱም የሩሲያን ትምህርት የቀመሱ፣ ሁለቱም ከአንድ ተረተኛ የቀዱ፣ ሁለቱም ሳቅን ከጨለማ ነገር ጋር ያጋቡ ሰዎች ናቸው። ዕድላቸው ግን አልተመሳሰለም። ስታሬቪች ለብዙ ዓመታት ፊልም እየሠራ ኖረ፤ የተክለ ሐዋርያት አውሬዎች ግን ገና እንደ ተናገሩ አፋቸው ተዘጋ።

«ፋቡላ» በታየ ጊዜ የተሰነዘረው ቀስት ዒላማውን አልሳተም። የመንግሥቱን አስተዳደር የሚተች ሆኖ ስለ ተገኘ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ትእዛዝ ታገደ፤ የታተሙትም ቅጂዎች እንዲሰበሰቡ ተደረገ። በቴአትር ላይ የወደቀውም ጥላ እስከ ንግሥቲቱ ዘመን ፍጻሜ፣ እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ፣ ፈጽሞ አልተነሣም። የዋና ከተማው ሕዝብ ሲኒማ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ በሚጠራበት በዚያ ዘመን፣ ሰይጣኑ በሸራው ላይ የሚንቀሳቀሰው ጥላ ይመስለው ነበር። ቤተ መንግሥቱን ያስፈራው ግን ጥላው ሳይሆን የሚናገረው አውሬ ነበር። የሙያው ልጆች ሊዘነጉት የማይገባ ነገር ይህ ነው፤ ቴአትራችን በጭብጨባ ብቻ ሳይሆን በእግድም የተወለደ ነው።

ተክለ ሐዋርያት ከዚያ ወዲያ ብዕራቸውን ወደ መድረክ አልመለሱም። የተናገሩትን በሥራ ለማሳየት ግን ሞከሩ። ጅጅጋን አስተዳደሩ፤ ኋላም በጨርጨር ተሹመው አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፤ አውራጃውም ለሥርዓት ምሳሌ እንዲሆን ደከሙ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውንም የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። አርአያው እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። በዚህ ስፍራ የሕይወታቸው ትልቁ ተቃርኖ ይታያል። ኃይለኛው ደካማውን ሲበላ በአውሬ አምሳል ያሳዩት ሰው፣ የመኳንንቱን ኃይል የሚገታውን ሕግ ሲጽፉ ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልሎ በአንድ ንጉሠ ነገሥት እጅ የሚያኖር ሕግ ጻፉ። ብዙ ጥርሶችን ለማስተው አንድ ትልቅ መንጋጋ የግድ መስሎ የታያቸው ይመስላል። የእንቁራሪቶቹ ተረት ለዚህም የሚመልሰው ነገር አለው።

ከዚያም በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር የአገራቸው መልእክተኛ ሆኑ። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከደረሰ በኋላ በደል እንዳይፈጸም በሸንጎው ፊት ተሟገቱ። አሁን የሚናገሩት ያለ ጭምብል ነበር፤ የሰሟቸውም መንግሥታት ሰዎች እንጂ አውሬዎች አልነበሩም። ሆኖም ፍርዱ እንደ ተረቱ ሆነ፤ ለበረታው አደላ። ጦርነቱ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር ከአገር ሲወጡ ተክለ ሐዋርያት መውጣታቸውን ተቃወሙ። ኋላም ራሳቸው ስደተኛ ሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በማዳጋስካር፣ ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ዘመን ከአገር ርቀው ኖሩ። ከተመለሱ በኋላ ከሥልጣን ርቀው በሂርና እርሻቸውን ሲያለሙ ቆይተው፣ በ1969 ዓ.ም. በ93 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ዐረፉ። «የሕይወቴ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው ለአንባቢ የደረሰው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም «አርአያ» በተባለው ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» በተባለው ቴአትር የአባታቸውን ብዕር ወረሱ።

ለሰፊ ሕዝብ ያልታየ አንድ የመድረክ ሥራ፣ የታገደ፣ ቅጂው የተሰበሰበ፣ ይህን ያህል መታሰቡ ያስደንቅ ይሆናል። ነገር ግን ከዋና ከተማው ጀምሮ እስከ ጫግኒና ጫግኒን እስከሚመስሉ ከተሞች ድረስ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መድረክ ላይ የሚወጣ ወጣት ሁሉ ያወቀም ሆነ ያላወቀ የእርሳቸው ተከታይ ነው። ለሙያ ባልደረቦች የተዉት ውርስም ግልጽ ነው። የሚያስቅ ነገር ቀላል ነገር አይደለም። ተመልካቹ ስቆ ወደ ቤቱ ከሄደ ጨዋታ ነው፤ ስቆ ከቆየ በኋላ ራሱን ካየ ቴአትር ነው። ቤተ መንግሥቱ ይህን ልዩነት በ1913 ዓ.ም. ፈጥኖ ተረድቶት ነበር። ባለሙያው ከእርሱ ዘግይቶ ሊረዳው አይገባም።