ፍሬድሪክ ጆንስ፦ ከእሽቅድምድም መኪና እስከ ማቀዝቀዣ ተሳቢ

ከሴንት ፖል ተነሥቶ ሥጋና አትክልት ጭኖ አገር የሚያቋርጥ ሾፌር፣ ከተሳቢው ግንባር ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ሞተር ድምፅዋ ከተቋረጠ እንቅልፍ የለውም። በዚህ ሥራ ከሚተዳደሩት መካከል ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን አሉ። ለዚያች ሞተር መንገድ የከፈቱት ጥቁር አሜሪካዊ ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ ግን መደበኛ የምህንድስና ትምህርት አልነበራቸውም።

ጆንስ እ.አ.አ. በ1893 በኦሃዮ ወንዝ ዳርቻ ተወለዱ። አባታቸው ብቻቸውን ሊያሳድጓቸው ባለመቻላቸው ለአንድ ካቶሊክ ቄስ በአደራ ሰጧቸው። ገና በልጅነታቸው ከቄሱ ቤት ወጥተው በሲንሲናቲ ከተማ በአንድ ጋራዥ ጠራጊ ሆኑ፤ ከመጥረጊያው ወደ መፍቻው ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በ1912 ወደ ሰሜን ሚኒሶታ ተጉዘው፣ በካናዳ ድንበር አቅራቢያ በምትገኘው በሃሎክ አካባቢ፣ የሴንት ፖሉ የባቡር ሐዲድ ከበርቴ የጄምስ ሂል ልጅ በነበረው ሰፊ እርሻ ላይ መካኒክ ሆነው ተቀጠሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምተው ወደዚያው ተመለሱ።

በሃሎክ ራሳቸው የሠሯቸውን የእሽቅድምድም መኪኖች በአፈር ሜዳ ላይ ይነዱ ነበር። በዚያ ዘመን ፈጣን መኪና የሚሻ ሰው የፋብሪካውን ሞተር ፈትቶ እንደገና መሥራት ነበረበት። ቴስታታው ይወርዳል፤ የተጣመመ እንደሆነ ፊቱ ይላጋል፤ ቫልቮቹም ጋዝ እስከማያሳልፉ ድረስ ከመቀመጫቸው ጋር ይፈተጋሉ። ከሌላ አምራች የተገዛ ካምሻፍት ሲሆን ጣጣው ይበዛል። ቫልቩን ምን ያህል እንደሚያነሣውና በየትኛው ቅጽበት እንደሚከፍተው በመለኪያ ሳይረጋገጥ ከተገጠመ፣ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው የወራት ድካም በአንድ ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል። ወረቀቱ የሚለውና ብረቱ የሚያሳየው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በንዝረት የሚላላ ብሎን፣ በሙቀት የሚሰነጠቅ ብረት፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ብቻ አያስተምርም።

በ1930 ጆንስ የሴንት ፖል መንትያ ወደሆነችው ሚኒያፖሊስ መጥተው፣ ለሲኒማ ቤቶች የድምፅ መሣሪያ ከሚሠራው ከጆሴፍ ኑሜሮ ድርጅት ገቡ። በ1938 አንድ የጭነት ድርጅት ባለቤት ዶሮ የጫነ መኪናው በሙቀት እንደተበላሸበት ለኑሜሮ አማረረ። በዚያን ጊዜ ምግብ የሚጠበቀው በበረዶ ነበር፤ በረዶውም መንገድ ላይ ይቀልጣል። በመኪና ላይ የተሞከሩት ማቀዝቀዣዎች የመንገዱን መንገጫገጭ አልቻሉትም። የእሽቅድምድሙ ሜዳ ትምህርት የጠቀማቸው እዚህ ላይ ይመስላል፤ ጆንስ ንዝረት የሚችል፣ በራሱ ሞተር የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሠሩ። የመጀመሪያው ከመኪናው ሥር ተገጥሞ ጭቃ አስቸገረው፤ በኋላ ወደ ግንባሩ ወጣ። ከዚህ ሥራ የተወለደው ድርጅት ቴርሞ ኪንግ ይባላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጆንስ ማቀዝቀዣዎች ለወታደሮች ምግብ፣ መድኃኒትና ለቁስለኞች የሚሰጥ ደም አቆዩ። በ1944 የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆኑ። በስማቸው ከተመዘገቡት ከ60 በላይ የፈጠራ መብቶች መካከል ራሱን የሚያስነሣና የሚያጠፋ የቤንዚን ሞተር ይገኝበታል።

ጆንስ በ1961 አረፉ። ብሔራዊው የቴክኖሎጂ ሜዳይ የተሰጣቸው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1991 ነው፤ ከኑሜሮ ጋር በአንድነት የተሸለሙትን ሜዳይ የተቀበሉት የሁለቱ ባለቤቶች ነበሩ። መቃብራቸው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አዋሳኝ በፎርት ስኔሊንግ ወታደራዊ መካነ መቃብር ይገኛል።