ሚስተር ዊሊያም ዊልሰን፤ የመጠጥ ሕሙማን ማኅበር መሥራች

ከጠላት ሁሉ የሚከፋው በገዛ ቤት ተቀምጦ ከጌታው ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀርብ ጠላት ነው። መጠጥም ለብዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ጠላት ሆኖ፥ ሹሙን ከወንበሩ፥ ነጋዴውን ከመደብሩ፥ አባወራውን ከትዳሩ ሲለይ ኖሯል። ከዚህ ጠላት እጅ ለመውጣት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበትን መንገድ ካስገኙት ዋናው አሜሪካዊው ሚስተር ዊሊያም ዊልሰን ናቸው። ከዚህ በታች የተመለከተው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሚስተር ዊልሰን ኖቬምበር 26 ቀን 1895 ዓ.ም. በቬርሞንት ግዛት በኢስት ዶርሴት መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ስለ ተለያዩ ያደጉት በእናታቸው ወላጆች እጅ ነው። በ1917 ዓ.ም. አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ በመድፈኛ ጦር መኮንን ሆኑ፤ በዚያም ወራት በኒው ቤድፎርድ ከተማ በአንድ ግብዣ ላይ መጠጥ ቀመሱ። በተፈጥሮ ዓይናፋር ነበሩና ብርጭቆው ፍርሃታቸውን ያራቀላቸው መሰላቸው። በ1918 ዓ.ም. ወይዘሪት ሎይስ በርንሃምን አግብተው ወደ ፈረንሳይ ዘመቱ።

ከጦርነቱ ሲመለሱ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ንግድ ውስጥ ገቡ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የኩባንያውን ይዞታ ሳይመረምር አክሲዮን ይገዛ ስለ ነበር፥ በ1925 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር በሞተር ቢስክሌት እየዞሩ ፋብሪካዎችን በመመርመር ውጤቱን ለነጋዴዎች ይልኩ ጀመር። በዚህም ብዙ ገንዘብ አገኙ። ነገር ግን በ1929 ዓ.ም. ገበያው በወደቀ ጊዜ ሀብታቸው ጠፋ፤ ስካሩም ባሰ፤ ቤታቸውም በወይዘሮ ሎይስ የመደብር ሠራተኛነት ደመወዝ ይተዳደር ጀመር። በታውንስ ሆስፒታል ያከሟቸው ዶክተር ሲልክዎርዝ፥ ስካር የጠባይ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የአካልና የአእምሮ ሕመም መሆኑን አስረዷቸው። በዲሴምበር 1934 ዓ.ም. ለአራተኛ ጊዜ በሆስፒታሉ ተኝተው ሳሉ፥ ተስፋቸው ሁሉ ቢያልቅ ወደ እግዚአብሔር ጮኹ፤ ታላቅ ሰላምም ተሰማቸው። ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞታቸው መጠጥ አልቀመሱም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በሜይ 1935 ዓ.ም. ነው። የጎማ መሣሪያ የሚሠራ አንድ ኩባንያ ለመያዝ ወደ አክሮን ከተማ ሄደው በባለ አክሲዮኖች ድምፅ ተሸነፉ። በሜይፍላወር ሆቴል አዳራሽ ጥቂት ገንዘብ ይዘው ብቻቸውን ሲመላለሱ፥ በአንድ ወገን የመሸታው ክፍል ሳቅና ጫጫታ ይሰማ ነበር፤ በሌላው ወገን ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር ነበረ። ባለፉት ወራት ሌሎች ሰካራሞችን ለመርዳት ደክመው አንድም ሰው ባያድኑ፥ ድካሙ እርሳቸውን ራሳቸውን ከመጠጥ እንደ ጠበቃቸው በዚያች ሰዓት አስተዋሉ። ስለዚህ ስልኩን መረጡ። አንድ ካህን ጠርተው፥ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፉ፥ በመጨረሻ ወይዘሮ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ በመጠጥ ከተጎዱት ከቀዶ ጥገናው ሐኪም ከዶክተር ሮበርት ስሚዝ ጋር አገናኟቸው።

ዶክተር ስሚዝ ከሩብ ሰዓት በላይ ላለመቆየት ቆርጠው መጥተው ነበር፤ ሆኖም ንግግሩ ብዙ ሰዓት ፈጀ። ሚስተር ዊልሰን አልገሠጿቸውም፤ የራሳቸውን ውድቀት ብቻ ነገሯቸው። ሐኪሙ አንድ ጊዜ እንደገና ከወደቁ በኋላ ጁን 10 ቀን መጠጥን ለዘለዓለም ተዉ፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለውም ማኅበር ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። ትርጓሜውም ስማቸውን የማይገልጹ የመጠጥ ሕሙማን ማለት ነው።

ሚስተር ዊልሰን ድኻ ነበሩና የታውንስ ሆስፒታል ባለቤት በደመወዝ ቢጠሯቸው ደስ አላቸው፤ ባልንጀሮቻቸው ግን እርዳታው የንግድ ዕቃ እንዳይሆን ስለ ተቃወሙ ሹመቱን ተዉ። ባለጸጋው ሚስተር ጆን ሮክፌለርም በ1938 ዓ.ም. 5000 ዶላር ብቻ ሰጥተው፥ ከዚህ የበለጠ ገንዘብ ሥራውን እንደሚያበላሽ አስታወቁ። ማኅበሩም ውሎ አድሮ ከውጭ ሰው ስጦታ አይቀበልም ተባለ። በ1939 ዓ.ም. አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች የሚገኙበት መጽሐፍ ታተመ።

የስብሰባው ሥርዓት ቀላል ነው። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥን ለመተው መፈለግ ብቻ ሲሆን፥ መዋጮ ግዴታ አይደለም። እያንዳንዱ በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ይታወቃል፤ አንዱ ታሪኩን ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ በዚያ የተሰማም በዚያው ይቀራል። ጉባኤው ዛሬ ወደ 180 በሚጠጉ አገሮች ይገኛል፤ ናይሮቢም አንዷ ናት። በዚያች ከተማ በሳውዝ ሲ ሰፈር የሚኖር ሠራተኛ ወይም ነጋዴ እርዳታ ቢሻ፥ ሚስተር ዊልሰን በአክሮን እንዳደረጉት ስልክ አንሥቶ ስብሰባው የት እንደሚደረግ ከመጠየቅ ሌላ የሚያስፈልገው የለም።

ሚስተር ዊልሰን ያለ ነቀፋ የኖሩ ሰው አልነበሩም። ለብዙ ዓመታት የልብ ትካዜ አሠቃይቷቸዋል፤ ትምባሆንም መተው አቅቷቸው ሳንባቸው ተጎዳ። ነገር ግን ክብርን መናቅ ተምረው ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የዬል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ቢያቀርብላቸው አልተቀበሉም፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበሩን አመራር ለአባላቱ አስረከቡ። ጃንዩዌሪ 24 ቀን 1971 ዓ.ም.፥ በተጋቡ በ53ኛው ዓመት በዓላቸው ዕለት፥ በማያሚ ከተማ ዐረፉ። ኩባንያ ለመያዝ ወጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ነጋዴ፥ ማንም በአክሲዮን ሊገዛው የማይችል ሀብት ለዓለም አወረሱ።