የጥቃቅኖቹ ስም አውጪ

የነገሥታትና የጦር አበጋዞች ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ተነቧልም። እኛ ዛሬ የምናወሳው ግን ዕድሜውን በዓይን ለማይታዩ ፍጥረታት ስም ሲያወጣ የኖረውን ሊቅ፣ ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግን ነው። ከነዚህም ፍጥረታት ብዙዎቹ አልጌ የሚባሉት፣ የረጋ ውሃን አረንጓዴ የሚያለብሱት ናቸው።

ኤረንበርግ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1795 ዓ.ም. ዴሊች በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። በላይፕሲግ ነገረ መለኮት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ተፈጥሮ ስላዘነበለ በርሊን ሄዶ ሕክምና ተማረ። በ1820 ከወዳጁ ከሄምፕሪሽ ጋር ወደ ግብፅ ተጓዘ። በ1823 በሲና ጠረፍ ጦር በተባለው ወደብ ሳለ የባሕሩ ውሃ ደም መስሎ አገኘው። ሌላው ሰው ተደንቆ የሚያልፈውን እርሱ ቀድቶ በማይክሮስኮፕ መረመረው፤ ቀለሙም እንደ ክር ከተያያዙ ጥቃቅን አልጌዎች የመጣ መሆኑን ተረዳ። ኋላም ትሪኮዴስምየም ብሎ ሰየማቸው። ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘው ከነዚሁ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

በ1825 ሁለቱ ወዳጆች ምጽዋ ደረሱ። ሐሳባቸው ወደ ሐበሻ ደጋ መውጣት ነበር። ዳሩ ግን ሄምፕሪሽ በዚያው በምጽዋ በንዳድ ሞተ፤ ኤረንበርግም ብቻውን ወደ አገሩ ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሩፔል የተባለ ሌላ ጀርመናዊ በዚያው በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ደረሰ፤ ዋልያንና ጭላዳንም ለዓለም ሊቃውንት አስታወቀ። ታላላቆቹ እንስሶቻችን በሳይንስ መዝገብ ሲገቡ፣ የጣናና የመገጭ ጥቃቅኖች ግን ስም አውጪያቸው ከምጽዋ ተመልሶባቸው ቀሩ።

ኤረንበርግ በርሊን ተቀምጦ በ1838 ስለ ጥቃቅን ፍጥረታት ትልቁን መጽሐፉን አወጣ፤ በ1854ም በድንጋይና በአፈር ውስጥ ስለሚገኘው ቅሪታቸው ሌላ አሳተመ። ሆኖም ሊቅም ይሳሳታል። ጥቃቅኖቹ እንደ ትልቅ እንስሳ የተሟላ ሆድ ዕቃ አላቸው ብሎ ነበር፤ ፈረንሳዊው ዱዣርደን ቢቃወመውም ሐሳቡን አልለወጠም። በ1876 ሲሞት በመስታወት ላይ የተዘጋጁ 40,000 ያህል ናሙናዎችና 3,000 ያህል ሥዕሎች ትቶ አለፈ፤ ዛሬም በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተጠብቀው ይገኛሉ።

ይህ ሁሉ ዛሬ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልስ አለን። አሁን በማይክሮስኮፕ ላይ ካሜራ ተገጥሞ፣ ኮምፒዩተር ሥዕሉን አይቶ የአልጌውን ዓይነት ይለያል። ከ1998 እስከ 2001 የአውሮፓ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዳያቶም በተባሉት፣ ቅርፊታቸው እንደ መስታወት በሆነ አልጌዎች ላይ ሞክረዋል። መሣሪያው የቅርፊቱን ዳርና በላዩ የተቀረጹትን መስመሮች እያነጻጸረ ይፈርዳል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ አንዱ ዳያቶም ከፊቱና ከጎኑ ሲታይ ሁለት ልዩ ልዩ ፍጥረት ይመስላል። ከዚህም በላይ መሣሪያው የሚያውቀው ሰው አስቀድሞ ስም ሰጥቶ ያሳየውን ብቻ ነው። ስሙ ተሳስቶ የተጻፈ እንደሆነ ስሕተቱን ሳይታክት ይደግመዋል።

ነገሩ ለጎንደር ሰው የቅንጦት አይደለም። የአንገረብ ግድብ የተሠራው ለከተማዋ መጠጥ ውሃ ነው፤ የጎርጎራ ዓሣ አጥማጅም የሚኖረው በጣና ነው። በጣናም ማይክሮሲስቲስ የተባለው፣ ከትሪኮዴስምየም ወገን የሆነው ጥቃቅን ተገኝቷል። ይህ ፍጥረት ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያወጣ ይችላል፤ መርዙም ውሃውን በማፍላት አይጠፋም። እንግዲህ በባዕድ ውሃ የተማረ መሣሪያ የጣናን ጥቃቅን በሌላ ስም ቢጠራ፣ ማን ያርመዋል?

የሚያርመው በማይክሮስኮፕ ፊት ለብዙ ዓመት ለመቀመጥ የሚታገሥ የአገር ልጅ ነው። ኤረንበርግ ሊወጣው ተመኝቶ የቀረበት ደጋ የእኛ የትውልድ አገር ነው፤ የተወውንም ሥራ መጀመር የእኛ ፋንታ ነው።