ደረጃ ያልወጣለት አንደኛ፦ ጥላሁን ገሠሠና የዘመኑ ሬዲዮ

እ.አ.አ. በኤፕሪል 1935 አንድ የአሜሪካ የሬዲዮ ዝግጅት የሳምንቱን ተወዳጅ ዜማዎች በደረጃ እያሰለፈ ለአድማጭ ማቅረብ ጀመረ። የትኛው ዘፈን ከፍ አለ፣ የትኛው ወረደ፣ አንደኛው ማን ሆነ የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ቤተሰብን በሬዲዮ ዙሪያ የሚሰበስብ ሆነ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሥራውን ጀመረ። ይህኛው ግን ዘፈን የሚያሰልፍበት ፋታ አልነበረውም። የጣሊያን ጦር በድንበር ላይ ተሰልፎ ነበርና የጣቢያው ተቀዳሚ ተግባር የአገሪቱን አቤቱታ ለዓለም ማሰማት ሆነ።

ጥላሁን ገሠሠ የተወለደው ከዚህ አምስት ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ በወራሪው እጅ ሳለች፣ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት ነው። እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ፣ አባቱ ደግሞ አቶ ገሠሠ ወልደ ኪዳን ይባላሉ። ዕድሜው 14 ዓመት ሲሆን አያቱ ወደ ወሊሶ ወሰዱትና በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። አያቱ የፈለጉት በትምህርቱ እንዲገፋ ነበር። ልጁ ግን ከቀለሙ ይልቅ ዜማው ይስበው ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የነበሩ ሻዳድ የተባሉ ሱዳናዊም ይህንኑ አይተው ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በሙዚቃው እንዲገፋበት ያበረታቱት ነበር። የአገር ፍቅር ማኅበር ባለሙያዎች ወሊሶ ድረስ መጥተው ትርኢት ባቀረቡ ጊዜም ከእነርሱ መካከል የነበሩትን ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይንና አቶ እዮኤል ዮሐንስን አግኝቶ ፍላጎቱን ለመግለጽ በቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ደጋግሞ የሚነገር ነው። ልጁ ቤቱን ጥሎ በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ ተጓዘ፤ እዚያም ዘመዱ ከሆኑት ከወይዘሮ ተመኔ ባንቱ ቤት አደረ። አያቱ ሰምተው አስመለሱት። ወሊሶ ያደረው ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ ዕቃ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ እንደገና ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ከወሊሶ በቱሉ ቦሎ፣ በሰበታና በዓለም ገና አልፎ የሚመጣው የጅማ መንገድ ወደ ከተማዋ የሚገባው ዛሬ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በሚባለው ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በአየር ጤና በኩል ነው። ዛሬ በዚያ በር ታክሲና አውቶቡስ ተጨናንቆ ይውላል፤ በዚያን ዘመን አካባቢው ከከተማነቱ ይልቅ ገጠርነቱ ያመዝን ነበር።

አዲስ አበባ እንደደረሰ የአገር ፍቅር ማኅበር ቀጠረው። ለአንድ ዘፋኝ ከዚህ የተሻለ መነሻ በጊዜው አይገኝም ነበር፤ ሆኖም አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። በ1940 ዓ.ም. የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለዚሁ ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩም ያሳተማቸው ሸክላዎች ጥቂት ነበሩ። በሌላው ዓለም ዘፈን በደረጃ ይሰለፍ የነበረው በዋናነት ሽያጭ ተቆጥሮ ነው። የሉክሰምበርግ ሬዲዮ እ.አ.አ. ከ1948 ጀምሮ 20 ዘፈኖችን በየሳምንቱ ያሰልፍ ነበር፤ የሲሎን ሬዲዮም ከ1952 ጀምሮ የህንድ ፊልም ዜማዎችን እያቀረበ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያስከትል ነበር። በኢትዮጵያ ግን የሚቆጠር ሽያጭ አልነበረም። የነበረው ሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮውም የመንግሥት ነው።

ስለዚህ የጥላሁን ድምፅ ወደ ሕዝብ የደረሰው በሸክላ ሳይሆን በአየር ሞገድ ነበር። ከአገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከተዛወረ በኋላ ዝናው ከመድረክ ተመልካች አልፎ መድረክ አይቶ ወደማያውቀው ገጠር ተሻገረ። አማርኛም ኦሮምኛም ማዜሙ በብዙ አቅጣጫ በር ከፈተለት።

በገጠሩ ሬዲዮ የአንድ ሰው ንብረት ቢሆንም አድማጩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነበር። ከእርሻ ሲመለሱ፣ ጠላ ቤት ሲቀመጡ፣ የደቦ ሥራ ሲያበቃ፣ ሬዲዮ ካለው ሰው ደጃፍ መሰብሰብ የተለመደ ነው። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጥቂት ጉልበት እንዲያገኝ ይጠበቃል። ገበሬው እንዲህ የቆጠበውን ባትሪ ለየትኛው ሰዓት እንደሚያውለው የሚወስነው ራሱ ነው፤ ዜናና ሙዚቃ ይቀድማሉ። የተወዳጅነት ሚዛን ከተባለ ይህ ከሸክላ ሽያጭ የሚያንስ አይደለም፤ ቁጥሩን የሚመዘግብ ሰው አለመኖሩ ነው ልዩነቱ።

ሬዲዮው ውስጥ ለቁጥር ቀረብ የሚለው የአድማጮች የሙዚቃ ምርጫ ነበር። አድማጭ ደብዳቤ ይጽፋል፤ የሚፈልገውን ዘፈን፣ የሚጋብዛቸውን ሰዎች ስም፣ የሚኖሩበትን አገር ይዘረዝራል። አቅራቢው ስሞቹን በተራ ካነበበ በኋላ ዘፈኑን ያሰማል። አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም። ብዙ ስም የተነበበለት ዘፈን ብዙ ሰው እንደወደደው ይገባቸዋል፤ ወታደር ለእናቱ፣ መምህር ለተመደበበት ወረዳ ባልደረቦቹ፣ ወንድም ለእኅቱ የሚልከው ሰላምታ ከዜማው ጋር ታስሮ ይጓዛል። ስልክ ባልገባበት፣ ፖስታ በወራት በሚደርስበት አገር የራስን ስም ከሬዲዮ መስማት ከዘፈኑ እኩል ይጠበቅ ነበር።

ሆኖም ይህ ምርጫ ወሰን ነበረው። አድማጩ የሚመርጠው እንዲተላለፍ ከተፈቀደው ውስጥ ብቻ ነው። ጥላሁን ይህን በራሱ ሕይወት አይቶታል።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አደረጉ። ሙከራውን ያወጁት በሬዲዮ ነው፤ የአልጋ ወራሹ ድምፅ አዋጁን ሲያነብ የተሰማው የክብር ዘበኛው ዜማዎች ይተላለፉበት በነበረው በዚያው ጣቢያ ነበር። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ክብር ዘበኛው ተበተነ፤ ዘፋኙም ከታሰሩት መካከል ሆነ፤ ለጊዜው ታስሮ ቆይቶ ተለቀቀ። ከዜማዎቹ መካከል «አልቻልኩም» የተሰኘው የፍቅር እንጉርጉሮ በብዙ አድማጭ ዘንድ ከዚያ ወቅት ብሶት ጋር ተያይዞ ይታወሳል። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ከፍቅር ዘፈን ውስጥ ሌላ ነገር መስማት እንግዳ አይደለም፤ መንግሥትም የዚያው አገር ጆሮ አለው። እንዲህ ያለ ዘፈን ከአየር ሲጠፋ የሚጠፋው የሚጠይቀው ሰው ስለጠፋ አይደለም። በሌላ አገር ዘፈን ከሰልፉ የሚወርደው ሰው ሲሰለቸው ነው፤ እዚህ ሰው ሳይሰለቸውም ሊወርድ ይችል ነበር።

ከእስር በኋላ የተቀበለው ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የሚባለው፣ በጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር የነበረው ቤት ነው። እዚያ ያገኘው ከበሬታ ከቀድሞውም የላቀ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሦስት ጊዜ አዚሟል፤ ጃንሆይም ተሰጥኦውን አላግባብ እንዳያባክን እንደመከሩት ይነገራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእርሳቸው መንግሥት ያሰረውን ሰው መምከራቸው የዘመኑን ጠባይ ከብዙ ትንታኔ በተሻለ ያሳያል።

በእነዚያ ዓመታት የሬዲዮው ሰማይ እየሰፋ ነበር። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በአዲስ አበባ ተመርቆ በብዙ ቋንቋ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ማስተላለፍ ጀመረ። በአስመራ ቃኘው ጦር ሰፈር የነበረው የአሜሪካውያን ሬዲዮ ደግሞ የባሕር ማዶውን የወቅቱን ተወዳጅ ሙዚቃ ያሰማ ነበር። ከጥላሁን በዕድሜ ጥቂት ያነሱት ዘፋኞች የሮክና የሶል ስልት የቀሰሙበት አንዱ መንገድ ይኸው ጣቢያ ነው። ጥላሁን ግን በትልቅ ኦርኬስትራ ታጅቦ በራሱ ቅላፄ ጸና። ይህ ምርጫው ሳይጠቅመው አልቀረም፤ የባሕር ማዶው ስልት በየጊዜው ሲቀያየር የእርሱ ዜማ አላረጀም።

በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ የአገር ፍቅርን ብቸኛ መብት ተጋፍቶ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉ፤ የጥላሁን ሥራዎችም በሸክላ መውጣት ቀጠሉ። አገር በቀል የዘፈን ደረጃ ሊወጣ የሚችልበት ሁኔታ የተፈጠረው ያኔ ነበር ማለት ይቻላል። ሸክላ እየተሸጠ፣ የምሽት ክበብ እየሞላ፣ ሬዲዮ እየበዛ ነበር። ሆኖም ዘመኑ አጭር ሆነ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ ቀጥሎ የመጣው የሰዓት እላፊ ሕግ የምሽት ሙዚቃውን ቀጨው።

ጣቢያዎቹም አልተረፉም። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። በተከታዩ ወር ደርግ ቃኘው ጦር ሰፈር እንዲዘጋ አዘዘ፤ የጣቢያውም ድምፅ አብሮ ተቋረጠ። በሁለት ወራት ውስጥ ሁለት የተለያየ ጠባይ የነበራቸው ጣቢያዎች ከሰማዩ ወጡ። ከዚያ በኋላ ተወዳጅነት የሚለካበት ቦታ ወደ ካሴት መሸጫ ተዛወረ። ደጃፉ ላይ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው ዘፈን፣ እየተባዛ ወደ ክፍለ ሀገር የሚላከው ካሴት፣ የአውቶቡስ ሾፌር የሚመርጠው ዜማ፣ እነዚህ ሁሉ ከሬዲዮ ጣቢያ ውጪ የሆነ ቆጠራ ነበሩ። ጥላሁን በዚህኛውም መንገድ አልተቀደመም።

የገጠሩ ሕዝብ ከሥራዎቹ መካከል አጥብቆ የሚያስታውሰው በረኃብ ስለተጎዱ ወገኖች ያዜመውን «ዋይ ዋይ ሲሉ» ነው። የረኃብ ዜና በአሐዝ ሲነገር ሰሚውን ያደነዝዛል፤ ይህ ዜማ ግን የከተማውን ሰው ከገበሬው ሰቆቃ ጋር ፊት ለፊት አገናኝቷል። በየትኛውም የተወዳጆች ሰልፍ ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለውም፤ ሰው ሊዝናናበት አይጠይቀውምና። ሆኖም አንድ ትውልድ በሙሉ ያውቀዋል።

የኋለኛው ዘመኑ ቀላል አልነበረም። በ1985 ዓ.ም. አንገቱ ላይ በደረሰበት ከባድ ጉዳት ከሞት ለጥቂት ተረፈ። የስኳር ሕመም ጸንቶበት እግሩን አጣ፤ በአሜሪካም ሕክምና ሲከታተል ቆየ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። እ.አ.አ. በ2004 ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 17ኛው አልበም ለእርሱ ብቻ ተሰጥቶ የሸክላ ዘመን ሥራዎቹ ለዓለም አድማጭ ቀረቡ። ከሸክላ በፊት ለነበረው ዘመን ግን ዋናው መዝገብ የሬዲዮ ቴፕ ነው። የክብር ዘበኛው ዘመን ድምፁ በቴፕ ካልተጠበቀ በሌላ የሚተካ አይደለም፤ ቴፕ ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት የሚበላሽ፣ በላዩም ሌላ ሊቀዳበት የሚችል ዕቃ ነው።

በዚህ መካከል የሬዲዮው ዓለም እንደገና ተለውጦ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥራ ጀመረ፤ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በግል ባለሀብት ተከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ደብዳቤው በስልክ ጥሪ፣ ቀጥሎም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ተተካ። ለዛ የተሰኘው የሬዲዮ ዝግጅት ከአድማጮች ድምፅ እየሰበሰበ ዘፋኞችን መሸለም ሲጀምር አሸናፊ በቁጥር ይለይ ጀመር። ቀጥሎ ቁጥሩን ከሬዲዮው እጅ የወሰደው ዩቲዩብ ሆነ። የሉክሰምበርግ ሬዲዮ የእንግሊዝኛ ሥርጭት እ.አ.አ. በ1992 መጨረሻ ተዘግቷል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ግን አልተዘጋም፤ በየመንግሥቱ ስሙና አወቃቀሩ እየተለዋወጠ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን አካል ሆኖ ቀጥሏል።

ጥላሁን ይህን የመጨረሻውን ለውጥ አላየም። ከአሜሪካ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ አረፈ። በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ ማረፉን ሰው ሁሉ ልብ ብሎታል። በበዓሉ ሰሞን የየጣቢያው ዝግጅት ተለወጠ፤ በልጅነቱ ያልነበሩት የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሁሉ የእርሱን ዘፈኖች ከጠዋት እስከ ማታ አሰሙ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተገኘበት የክብር ሽኝት አስከሬኑ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።