ኤድዋርድ ሙሮ እና በስሙ የቆመው የዜና ጣቢያዎች ውድድር

በዓለም ላይ በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት ብዙ ነው። በሰጪው ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሞ ሙያውን በብርቱ በወቀሰ ሰው ስም የሚጠራ ሽልማት ግን እምብዛም አይገኝም። የአሜሪካ የራዲዮና የቴሌቪዥን ዜና ኃላፊዎች ማኅበር በየአካባቢው ለሚገኙ የዜና ጣቢያዎች የሚያካሂደው የኤድዋርድ ሙሮ የሽልማት ውድድር ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው። ውድድሩ ምን እንደሚመዝንና ስለ ምን እንደዚያ እንደሚመዝን በሚገባ ለመረዳት፣ ስሙ የተሰጠውን ሰው ሕይወት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤድዋርድ ሙሮ ሚያዝያ 17 ቀን 1900 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ከተባለችው ከተማ አጠገብ በሚገኝ የገጠር ስፍራ ተወለደ። ወላጆቹ የኩዌከር እምነት ተከታዮች የሆኑ ድኻ ገበሬዎች ነበሩ። ያወጡለት ስም ኤግበርት ሲሆን፣ ኤድዋርድ የተባለው ካደገ በኋላ ራሱ በመረጠው ስም ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ኑሮ ፍለጋ አገር አቋርጦ፣ በካናዳ ድንበር አቅራቢያ ወደምትገኘው ብላንቻርድ የተባለች መንደር ተሰደደ። በዚያም አባቱ ግንድ በሚያመላልስ ባቡር ላይ ተቀጠረ፤ ልጁም ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ከግንድ ቆራጮች ጋር በጫካ እየሠራ የትምህርቱን ወጪ ይሸፍን ነበር።

በዋሽንግተን ስቴት ኮሌጅ የንግግር ጥበብን አጥንቶ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያ ኮሌጅ አይዳ ሉ አንደርሰን የተባለች መምህርት ነበረች። በልጅነቷ በደረሰባት የልጅነት ልምሻ አካሏ የተጎዳ ቢሆንም፣ ቃልን መዝኖ መናገርን፣ ዝምታንም በስፍራው ማስገባትን ለሙሮ ያስተማረችው እርሷ ናት። ሙሮ ዝነኛ ከሆነ በኋላ እንኳ ሥርጭቱን በራዲዮ እየተከታተለች ትመክረው ነበር። በኋላ በመላው አሜሪካ የታወቀው የፕሮግራሙ መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ቃል ጠበቅ ተደርጎ ተነግሮ ጥቂት ፋታ የሚከተለው፣ ከዚህችው መምህርት ምክር የመጣ ነው።

ከኮሌጅ ከወጣ በኋላ በተማሪዎች ማኅበርና በዓለም አቀፍ የትምህርት ተቋም ውስጥ ሠራ። ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮም ናዚዎች ከጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ያባረሯቸውን ምሁራን በአሜሪካ ሥራ እንዲያገኙ በሚረዳው ኮሚቴ ረዳት ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ። ይህ ሥራ የአምባገነኖች ኃይል በአንድ ሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚያደርስ በቅርብ እንዲያይ አደረገው። የጣልያን ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን በወረረበት ወቅት ገደማ፣ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ ሲ.ቢ.ኤስ. በተባለው የራዲዮ ድርጅት ተቀጠረ። የተቀጠረው ግን በጋዜጠኝነት አልነበረም፤ ሥራው ሌሎች ሰዎች በማይክሮፎን ፊት ቀርበው እንዲናገሩ ማዘጋጀት ነበር። በ1929 ዓ.ም. ወደ ለንደን የተላከውም ለዚሁ ተግባር ነው።

ዜና ነጋሪ ያደረገው የኦስትሪያ መወረር ነው። የሂትለር ጦር ወደ ቪየና ሲገባ ሙሮ ዋርሶ ነበር። ሌላ መጓጓዣ በማጣቱም አንድ ሙሉ አውሮፕላን ለብቻው ተከራይቶ ወደ ስፍራው ደረሰ። መጋቢት 4 ቀን 1930 ዓ.ም. ሲ.ቢ.ኤስ. ከለንደን፣ ከፓሪስ፣ ከበርሊንና ከቪየና የሚነገሩ ዘገባዎችን በአንድ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም አከታትሎ አሰማ። ለዝግጅቱ የተሰጠው ጊዜ 8 ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። በየከተማው የአጭር ሞገድ ማሠራጫ መከራየት፣ ድምፁ በውቅያኖስ ላይ አልፎ ኒው ዮርክ በጥራት መድረሱን ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር። ተናጋሪዎቹ እርስ በርሳቸው ባይሰማሙ እንኳ እያንዳንዱ በተመደበለት ደቂቃ እንዲጀምርና እንዲጨርስ ሰዓቶችን ማስተካከልም ግድ ነበር። ሮም የነበረው ዘጋቢ ማሠራጫ ስላላገኘ ጽሑፉን በስልክ ወደ ለንደን አስተላልፎ በዚያ እንዲነበብ ተደረገ። ዛሬ ማንኛውም የዜና ጣቢያ እንደ ቀላል የሚያየው፣ ከልዩ ልዩ ስፍራ የሚመጡ ዘገባዎችን በአንድ የዜና ሰዓት የማገናኘት ሥራ መልኩን ያገኘው በዚያ ሌሊት ነው።

ለንደን በቦምብ በተደበደበችበት ጊዜ ሙሮ መጠለያ ውስጥ ሆኖ ከማውራት ይልቅ በሕንፃ ጣራ ላይ ቆሞ የሚያየውን መናገርን መረጠ። ባለሥልጣኖቹ ምስጢር ይወጣል ብለው በመጀመሪያ ከልክለውት ነበር፤ ፈቃድ ያገኘው ከብዙ ልመናና ሙከራ በኋላ ነው። አንድ ቀን ማታ የአደጋ ጥሪው ሲጮህ ማይክሮፎኑን ወደ መንገዱ ድንጋይ ዝቅ አድርጎ፣ ወደ መጠለያ የሚሄዱት ሰዎች የእግራቸው ኮቴ እንዲሰማ አደረገ። ሰዎቹ አልሮጡም፤ አድማጩም ከኮቴው እርጋታ የከተማይቱን መንፈስ ተረዳ።

ድምፅ የጦር መሣሪያ የሆነው በለንደን ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ የኢትዮጵያ አርበኞችና በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር በቡሬና በማንኩሳ ምሽጎች ላይ ከጣልያን ጋር ሲዋጉ፣ የጋዜጠኛው የጆርጅ ስቲር የቅስቀሳ ክፍል ከዘመቻው ጋር ነበር። ይህ ክፍል በአማርኛ የታተሙ ወረቀቶችንና የድምፅ ማጉያዎችን ይዞ፣ ለጣልያን ያደሩትን የአገር ልጆች ወደ ወገናቸው እንዲመለሱ ይጠራ ነበር። በጎጃም ገጠር የተሰማው የድምፅ ማጉያ ጥሪና ለንደን ላይ የተናገረው ዘጋቢ ዓላማቸው ይለያያል፤ የመጀመሪያው ቅስቀሳ፣ ሁለተኛው ዜና ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ያለ አድማጭ እምነት ምንም ሊሠሩ አይችሉም ነበር።

ሙሮ በኅዳር 1936 ዓ.ም. በበርሊን ላይ ቦምብ ከሚጥል አውሮፕላን ጋር በረረ፤ በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. ደግሞ ቡኸንቫልድ የተባለውን የናዚዎች የእስረኞች ሰፈር አይቶ ያየውን ለዓለም አሰማ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሶ ለጥቂት ጊዜ በድርጅቱ አስተዳደር ውስጥ ከፍ ያለ ሥልጣን ያዘ፤ የአስተዳደር ሥራ ግን አልተስማማውም። ኅዳር 8 ቀን 1944 ዓ.ም. ከባልደረባው ከፍሬድ ፍሬንድሊ ጋር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጀመረ። በመጀመሪያው ሥርጭት የአትላንቲክና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ዳርቻዎች በአንድ ጊዜ በቀጥታ ታዩ። ይህ ሊሆን የቻለው አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኘው የስልክ ድርጅት የሥርጭት መስመር በዚያው ሰሞን ስለ ተጠናቀቀ ነው።

የዚህ ፕሮግራም ታላቁ ሥራ መነሻው የአንዲት ትንሽ ከተማ ጉዳይ ነበር። በሚሺጋን፣ ዴክስተር በተባለች ከተማ የሚኖር ማይሎ ራዱሎቪች የተባለ የአየር ኃይል መኰንን፣ አባቱና እኅቱ በኮሙኒስትነት ስለ ተጠረጠሩ ብቻ ከሥራው እንዲሰናበት ተወስኖበት ነበር። ነገሩ በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሙሮ አነበበው። የፊልም ሠራተኞቹን ወደ ስፍራው ላከ፤ ጎረቤቱን፣ ቤተ ሰቡንና ጠበቃውን አነጋገሩ። ድርጅቱ ለፕሮግራሙ በጋዜጣ ማስታወቂያ ለማውጣት ባለመፈለጉ፣ ሙሮና ፍሬንድሊ ከኪሳቸው ከፍለው አስነገሩ። ፕሮግራሙ ጥቅምት 10 ቀን 1946 ዓ.ም. ከታየ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አየር ኃይሉ ውሳኔውን ሻረ።

የካቲት 30 ቀን 1946 ዓ.ም. ደግሞ በክስና በማስፈራራት አገሩን ያንቀጠቀጠውን የሴናተር ማካርቲን አሠራር የሚመረምር ፕሮግራም አቀረበ። ብልኃቱ የሴናተሩን የራሱን ንግግሮች በፊልም እያሳዩ ከእውነቱ ጋር ማነጻጸር ነበር። የአሜሪካ ሴኔት በኅዳር 1947 ዓ.ም. ማካርቲን በይፋ ነቀፈው። የሴናተሩ መውደቅ የአንድ ፕሮግራም ብቻ ውጤት አልነበረም፤ አስቀድመው የጻፉበት ጋዜጦችም ነበሩ። የሙሮ ድርሻ ሕዝቡ ሰውየውን በዓይኑ አይቶ እንዲፈርድ ማድረጉ ነው።

ይሁን እንጂ ምስጋናው ብዙ ሲሆን ዋጋውም ከባድ ሆነ። ማስታወቂያ ከፋዩ የአሉሚኒየም ኩባንያ በ1947 ዓ.ም. ተለየ። ገንዘብ የሚያስገኙ የጥያቄና መልስ ጨዋታዎች የምሽቱን ሰዓት ያዙ፤ ፕሮግራሙም ከየሳምንቱ ሥርጭት ወደ አልፎ አልፎ ዝቅ ካለ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ጨርሶ ቆመ። ሽልማት በላይ በላዩ የተደራረበለት ሥራ የሚታይበት ሰዓት አጣ።

ሙሮ ጥቅምት 5 ቀን 1951 ዓ.ም. በቺካጎ ለተሰበሰበው የዜና ኃላፊዎች ማኅበር ያደረገው ንግግር ከዚህ የተነሣ ነው። ቴሌቪዥን ሕዝቡን ከማስተማር ይልቅ ከገሐዱ ዓለም እያዘናጋው መሆኑን፣ ታላላቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው ጥቂቱን ለቁም ነገር ሊያውሉት እንደሚገባ፣ መሣሪያው የሚጠቀምበት ሰው ካላሰበበት የመብራትና የሽቦ ክምችት ብቻ ሆኖ እንደሚቀር አመለከተ። ንግግሩ ከድርጅቱ አለቆች ጋር የነበረውን ግንኙነት ይበልጥ አሻከረው። በኅዳር 1953 ዓ.ም. ስለ አሜሪካ ተዘዋዋሪ የእርሻ ሠራተኞች መከራ የቀረበው ዘገባ በድርጅቱ ውስጥ የመጨረሻው ታላቅ ሥራው ሆነ።

በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት ኃላፊ አድርገው ሾሙት። በዚህ ሹመት ላይ ሳለ፣ ያንኑ ስለ እርሻ ሠራተኞች የተሠራውን ዘገባ የእንግሊዝ ቢ.ቢ.ሲ. እንዳያሳየው ጠየቀ፤ ቢ.ቢ.ሲ. ግን አሳየው። ለመንግሥት መልካም ስም መሥራትና እውነትን መዘገብ በአንድ ወንበር ላይ እንደማይስማሙ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። በሕይወቱ ሙሉ ሲጋራ ከእጁ ያልተለየው ሙሮ በሳንባ ካንሰር ታምሞ በ1956 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀ፤ ሚያዝያ 19 ቀን 1957 ዓ.ም. በ57 ዓመቱ ዐረፈ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ላይ ሥርጭቱን የጀመረው በዚያው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር።

የወቀሰው ማኅበር ከሞተ በኋላ አልረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1971 በስሙ የሽልማት ውድድር አቋቋመ፤ ማኅበሩ የዲጂታልን ዘርፍ በስሙ ውስጥ ካስገባ በኋላም ውድድሩ ቀጥሏል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ አገሪቱ በክልሎች ትከፈላለች፤ ጣቢያዎች በዓመቱ ውስጥ በእርግጥ በአየር ላይ ያዋሉትን ሥራ ለክልላቸው ውድድር ያቀርባሉ። የሙያው ሰዎች የሆኑ ዳኞች ይመለከቱታል፤ በክልሉ ያሸነፈው ሥራም ያለ ተጨማሪ ማመልከቻ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ያልፋል። በጥቂት ሰዎች የሚሠራ ጣቢያ ከታላቅ ከተማ ጣቢያ ጋር እንዳይመዘን ትልልቆቹና ትንንሾቹ ለየብቻ ይወዳደራሉ። ከዘርፎቹ መካከል ድንገተኛ ዜና፣ የምርመራ ዘገባ፣ የዜና አጻጻፍ፣ የምስልና የድምፅ አጠቃቀም ይገኛሉ። ሽልማቱ በመሠረቱ የሚሰጠው ለጣቢያው እንጂ ለግለሰብ አይደለም።

እያንዳንዱ ደንብ ከሙሮ ሕይወት ጋር ይዛመዳል። ድምፅ ራሱን የቻለ ዘርፍ መሆኑ የለንደንን መንገድ ኮቴ ያስታውሳል። የትንሹ ከተማ ጉዳይ በታላቁ መድረክ መቅረቡ የራዱሎቪችን ነገር ያሳስባል። ሽልማቱ ለጣቢያው መሰጠቱም ትክክል ነው፤ የቪየናው ሌሊት የአንድ ድምፅ ሳይሆን የዘጋቢዎች፣ የአዘጋጆችና የማሠራጫ መሐንዲሶች ሥራ ነበርና።

ይህ ለኢትዮጵያም ሩቅ ነገር አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን፣ አይቷት የማያውቅ የአገር ሰው ሁሉ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲነበብ ሰምቶ ያውቃታል። የዛሬይቱን ማንኩሳ፣ የማዳበሪያውን ዋጋ፣ የመንገዱን መበላሸት፣ የጤና ጣቢያውን መድኃኒት ማጣት የሚያሰማት ግን የአካባቢ ዜና ብቻ ነው። የክልል ጣቢያዎችን ሥራ የሚመዝን ውድድር ሲታሰብ ስለ ዳኝነቱ የሩቅ አገር ምሳሌ ብቻ መፈለግ አያሻም፤ በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤት መምህሩ የሚመዝነው ቅኔውን እንጂ የተማሪውን ዘር ወይም ሀብት አይደለም፤ ቤት የጎደለበትም ቅኔ በጉባኤው ፊት ይታረማል። የዜና ውድድርም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል፤ ዳኛው ከተወዳዳሪው ነጻ ይሁን፤ የሚመዘነው በአየር ላይ የዋለው ሥራ ይሁን፤ ትንሹ ከእኩያው ጋር ይለካ።

ከሁሉም በላይ ግን የሙሮ ሕይወት ለሽልማት ሰጪዎች አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ትቶ አልፏል። ፕሮግራሙ የቆመው ሽልማት አጥቶ አይደለም፤ የሚታይበት ሰዓትና የሚደግፈው ገንዘብ ተነፍጎት ነው። ስለዚህ የጥሩ ሥራ ባለቤት የሆነ ጣቢያ ከዋንጫው ጋር የሥርጭት ሰዓቱ፣ መሣሪያውና የሠራተኞቹ ነጻነት ካልተጠበቀለት፣ በዓመቱ ለውድድር የሚያቀርበው ነገር አይኖረውም።