ቅዱስ ያሬድና የዓመቱ ፍጻሜ

የላቲን ሥርዓት የሚከተሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሊጡርጊያ ዓመታቸውን የሚደመድሙት በኅዳር ወር፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1925 እ.ኤ.አ. በደነገጉት በክርስቶስ ንጉሥ በዓል ነው። እኛ የግዕዝ ሥርዓት ልጆች ግን አሮጌውን ዓመት የምንሸኘው ክረምቱ ሲያልቅ፣ በጳጉሜን ነው። ሁለቱም በአንድ አሳብ ይገናኛሉ፤ ዓመት ሲያልቅ ዘመንም እንደሚያልቅ፣ ጌታም ለፍርድ እንደሚመጣ እናስባለን። ምእመናን ኅሊናቸውን መርምረው ወደ ምሥጢረ ንስሐ የሚቀርቡበት ጊዜ በመሆኑ፣ ዓመቱን ከነወቅቱና ከነበዓሉ በዜማ ለይቶ የሰጠንን የቅዱስ ያሬድን ሕይወት በዚህ እትም ልናስታውስ ወደድን።

ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ፣ የአክሱም ጽዮን ካህን የነበረው አጎቱ አባ ጌዴዎን ወስዶ መዝሙረ ዳዊት ያስተምረው ጀመር። ልጁ ግን ትምህርት አልገባው አለ። አጎቱም ገረፈው። ተስፋ ቆርጦ ሲሸሽ ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፈ፤ በዚያም አንድ ትል ፍሬውን ሊበላ ወደ ዛፉ ሲወጣ፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲወጣ አየ። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ደረሰ ይባላል። ያሬድም አለቀሰ፣ ተመለሰ፣ አጎቱንም ይቅርታ ለመነ።

ይህን ታሪክ ለሕፃናት ብቻ የምንተርክ ብዙዎች ነን፤ እንደ እኛ አስተያየት ግን ይበልጥ የሚያስፈልገው ለአዋቂው ነው። ባለፈው ጳጉሜን የተናዘዝነውን ኃጢአት ዘንድሮም ይዘን የምንቀርብ፣ እንግዲህስ ምን ዋጋ አለው ብለን ከመናዘዣው ደጅ የምንመለስ፣ ያሬድ ከዚያ ዛፍ ሥር በተቀመጠባት ሰዓት ላይ ነን። ልጁ ያን ቀን ብልህ አልሆነም፤ ወደ ገረፈው መምህር ለመመለስ ቈረጠ እንጂ።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍትን በአጭር ጊዜ አጠና፤ ዲቁናም ተቀበለ። ስንክሳሩ እንደሚተርከው ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች በሰው ቋንቋ አነጋግረውት ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም አወጡት፤ የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ ሰምቶ ሲመለስም በሦስት ሰዓት አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ ዘመረ። ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ ሲሰሙት ዋሉ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎች ከእርሱ ተያይዘው ወረዱልን። ዛሬ በእጃችን ያለው ድጓ ከእርሱ ዘመን በኋላ የተነሡ ቅዱሳንንም ስለሚያስብ፣ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ተጻፈ ማለት አይቻልም፤ መሠረቱ ግን በስሙ ይጠራል። በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት እንዳዘጋጁም ይታወቃል።

አሁን ወደ ጋይንት እንሻገር። የአገሩ ሊቃውንት ያሬድ ከንጉሥ ገብረ መስቀልና ከአባ አረጋዊ ጋር ወደ ዙር አምባ መጥቶ ዝማሬን በዚያ እንደ ደረሰ ይናገራሉ። እስከ ዘመናችንም ዝማሬ መዋሥዕት ለማስመስከር የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ፣ ድጓ ለማስመስከር የሚሻም ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሲሄድ ኖሯል። ከእስቴም ከስማዳም፣ ከሩቅ አገርም ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚመጣው ደቀ መዝሙር ዓመታት ይፈጅበታል። በዘርዐ ክህነት ዜማውን ከትንሽ ደብተር ለቃቅመን የወጣን እኛ በዚህ ፊት ብዙ የምንናገረው የለንም።

ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ዝማሬ ከቅዱስ ቍርባን በኋላ የሚዘመር ሲሆን ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴት፣ ምሥጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል። መዋሥዕት ደግሞ በተለይ ሙታን በሚታሰቡበት ጸሎት የሚሰማ ነው። ሁለቱ በዙር አምባ በአንድ ወንበር፣ ከአንድ መምህር ይማሩባቸዋል። ሥጋውንና ደሙን ተቀብሎ ማመስገንን የሚማረው ያው ደቀ መዝሙር፣ ሬሳን መሸኘትንም ጎን ለጎን ይማራል። እኛ ግን ቍርባኑን ለእሑድ፣ ሞትን ለእርጅና ለያይተን አስቀምጠናል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የራሳችን ይመስለናል።

የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያንም የሚያስተምረን አለው። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከናም የተባለ የውጭ አገር ጸሐፊ ሲደርስበት ከውጭ እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆኖ አገኘው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በጥንታዊ አሠራር በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ተሸሽጎበት ነበር። ኅሊናን መመርመር ማለት እንዲህ ያለ ውስጥ መግባት ይመስለናል፤ አንዳንዶቻችን ገብተን የምናገኘው ግን ከውጩ የባሰ ሊሆን ይችላል።

የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኅዳር 1957 ዓ.ም. ስለ ምሥራቃውያን ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ውሳኔ የየሥርዓታችንን ቅርስ እንድንጠብቅ አዞናል። መልካም ነው፤ ከበሮና ጸናጽሉም በየቁምስናው ይሰማል። ነገር ግን በዚህ ዓመት ስንቱን ቅዳሴ ዘመርን፣ ስንቱንስ ጸለይን? ይህን ጥያቄ ካህናቱ ለራሳችን ሳንጠይቅ ለምእመናን ልናቀርበው አንችልም።

ያሬድ ራሱ በአንድ ቀን ተመረመረ። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያሸበሽብ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳለ የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ደሙ ሲፈስም አላወቁም። ማኅሌቱ ሲፈጸም ንጉሡ ደነገጠ፣ ጦሩንም ነቅሎ የፈለገውን ሁሉ እንደሚሰጠው ማለለት። ሹመት ወይም ርስት ቢጠይቅ ማን ይከለክለው ነበር? ያሬድ የለመነው ግን ወደ ገዳም እንዲሄድ እንዲያሰናብተው ነው። ንጉሡ እጅግ አዘነ፤ መሐላውን ማፍረስ ግን አልቻለም። ያሬድ ከሚወዱት ሰዎችና ከሚወደው ደብር የተለየው ገና ድምፁ ሳይደክም ነበር።

በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ ከተሰናበተ በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጸለምት ሄደ። በዚያም በጾምና በጸሎት ተጋድሎ፣ ደቀ መዛሙርትንም አስተምሮ ዕረፍቱን አገኘ። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።